ኖታ ሳላውቅ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ኮርስ ስወስድ

ሰላም እህቴ። «የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መግቢያ ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። ኖታ አላነብም፣ ምንም መሣሪያ አልጫወትም፣ ያለኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ነው ያልሽው። ቀጥዪ። እኔም የሙዚቃ ተማሪ ሳልሆን ነው የወሰድኩት። ካሰብኩት በላይ ከብዶኛል፤ የከበደኝ ግን አንቺ በፈራሽው በኩል አይደለም።

የመጀመሪያ ቀን ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) እንነካለን፣ ምት እንሠራለን ብዬ ሄድኩ። መምህራችን ኮምፒውተሩን እንኳ አላስከፈተንም። «አምስት ደቂቃ ዝም በሉና የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ» አለን። እኔ የጻፍኩት አራት ነገር ነው፦ የአየር ማራገቢያ፣ ወንበር፣ ሳል፣ ከውጭ የእግር ኮቴ። ከጎኔ የነበረችው ልጅ ገጹን ሞልታዋለች። ማራገቢያውን ብቻ ሦስት ቦታ ከፍላዋለች፦ ከታች ወፍራም እምምታ፣ ከላይ የነፋስ ሽውታ፣ በየዙሩ የምትመጣ ትንሽ ቀጭ የምትል ድምፅ። ኮርሱ የጆሮ ትምህርት መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ማሽኑ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ይለመዳል።

ኖታን በተመለከተ፣ በእኛ ክላስ አንድም ቀን አንብቡ አልተባልንም። የተቀዳ ድምፅ ስክሪኑ ላይ በሞገድ መልክ ይታያል። ዜማ ማስገባት ስትፈልጊ ትንንሽ ሳጥኖች ትደረድሪያለሽ፤ ወደ ላይ ስትወስጃቸው ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ታች ይወፍራል፣ ስትለጥጫቸው ይረዝማል። እንዲያውም ፒያኖ በደንብ የሚጫወት ልጅ አብሮን ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ከሁላችንም በላይ የተቸገረው እሱ ነው። ጣቱ ወዲያው ወደ ዜማ ይሮጣል። የሚጠየቀው ግን «ይህ ድምፅ ከምን ተሠራ?» ነበር።

ትንሽ ፊዚክስ አለው፤ አትደንግጪ። ድምፅ እርግብግቢት ነው። በሰከንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ አንድ ኖታ ይሰማሻል። 880 ሲሆን ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ማለትም ኖታው ያው ሆኖ ቀጠን ብሎ ይሰማል፤ 220 ሲሆን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግረው ቁጥር ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያው ሄርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል። አንድን ድግግሞሽ በዲጂታል ለመያዝ ደግሞ በሰከንድ ከእጥፉ በላይ መለካት ያስፈልጋል። የ20,000 እጥፍ 40,000 ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ በየቦታው የምታዪው 44,100 የሚባል ቁጥር፣ ማለትም በሰከንድ የሚለካበት ብዛት፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለው ለዚህ ነው።

ሁላችንንም ያደናገረን ፊልተር የሚባለው ነው። ለእኔ የገባኝ በራሴ አፍ ስሞክረው ነው። አንቺም አሁን ሞክሪው። ድምፅሽን ከፍም ዝቅም ሳታደርጊ፣ በአንድ ቃና ላይ ቆመሽ፣ «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» በይ። ጉሮሮሽ የሚያወጣው ቃና ያው ነው። የሚለወጠው የአፍሽ ቅርጽ ነው። «ቡ» ላይ ድምፁ ይታፈናል፣ «ቢ» ላይ ይሳላል፣ «ባ» ላይ ይከፈታል። አፍሽ አንዳንዱን ድግግሞሽ እያሳለፈ ሌላውን ስለሚይዘው ነው። ፊልተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሲንተሳይዘሩን ቁልፍ ስታዞሪ ፊደል እየቆጠርሽ እንደሆነ አስቢ።

ኢንቨሎፕ ደግሞ ድምፁ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚቆይና እንዴት እንደሚጠፋ የሚወስነው ነው። አንዱን ሞገድ ድንገት አስነስተሽ ወዲያው ብታጠፊው የተመታ ነገር ይመስላል። ያንኑ ቀስ ብሎ እንዲነሣ ብታደርጊው በደጋን የተሳበ ይመስላል። እኔ በዚህ አንድ ነገር ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ስጫወት አድሬያለሁ፤ ከኮርሱ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

የታሪኩን ክፍል ብዙዎቻችን ለፈተና ብቻ ነው ያጠናነው። እኔን ግን በጣም አበርትቶኛል። ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብፃዊ በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ድምፅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ራዲዮ ጣቢያ ገብቶ፣ ያን ድምፅ እያስተጋባና እየለዋወጠ ሌላ ነገር አደረገው። ፒየር ሼፈር የሚባል ፈረንሳዊ በ1948 ፓሪስ ውስጥ የባቡር ድምፅ ቀድቶ ሙዚቃ ሠራበት። ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል እንግሊዛዊት በ1963 ለቢቢሲ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የመክፈቻ ሙዚቃውን ስትሠራ፣ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠች፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየቀጠለች ነው። ያንቺ አሮጌ ላፕቶፕ ከእነዚህ ሁሉ መሣሪያ ይበልጣል። ኦዳሲቲን የመሰለ ድምፅ መቅጃና ማስተካከያ ነፃ ሶፍትዌር ጫኚበት። ለመቅጃ ስልክሽ ይበቃል። ኪቦርድ አትግዢ። ገንዘብ ካለሽ ጆሮን የሚሸፍን ደህና ሄድፎን ላይ አውዪው። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን በላፕቶፑ ስፒከር ብቻ እየሰማሁ ሠራሁት። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) አልሰማ ሲለኝ ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ። ክላስ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ሲከፈት ቤዙ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። የላፕቶፕ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አያወጣም፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ አሳይመንት ከአንድ ዕቃ ድምፅ ብቻ የአንድ ደቂቃ ሥራ መሥራት ነበር። እኔ የብረት ኩባያ መረጥኩ። መታሁት፣ ፋቅሁት፣ ውኃ ቀዳሁበት። የመታሁትን ወደ ሩብ ፍጥነት ሳወርደው ሁለት ኦክታቭ ወርዶ ትልቅ ደወል ሆነ። ደስታዬን አልነግርሽም። ከዚያ ግን በደስታ ብዛት ያገኘሁትን ኤፌክት ሁሉ ደራረብኩበት፦ ኢኮ (ድምፁን መልሶ የሚያስተጋባ)፣ ሪቨርብ (ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስል)፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)። መምህሬ ሰምቶ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ኩባያው የት ሄደ?» እውነቱን ነው። አብዛኛውን አነሣሁት። ሁለት ቦታ ላይም ምንም ድምፅ ሳይኖር ዝም እንዲል አደረግሁ። ያኔ ነው ሥራ የመሰለው።

አንድ የቴክኒክ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ እኔን ነጥብ አስጥሎኛል። ብዙ የሙዚቃ ሶፍትዌሮች የፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ድምፁን ራሱን አያስቀምጡም፤ ድምፁ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚመዘግቡት። እኔ የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ በፍላሽ ይዤ ላብ ገባሁ። ስከፍተው ባዶ ትራክ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈቺ፤ የቀዳሽውን ሁሉ እዚያው ውስጥ አስቀምጪና ፎልደሩን እንዳለ ያዢው። ያለቀውን ደግሞ ዌቭ የሚባል የድምፅ ፋይል አድርገሽ ለብቻው አውጪው፤ ፕሮጀክቱ ባይከፈት እንኳ የምታሰሚው አይጠፋም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የሦስት ደቂቃ ሥራ በአንድ ሌሊት አያልቅም። ጆሮ ይደክማል። ከሁለት ሰዓት በላይ ስትሠሪ መጥፎው ሁሉ ጥሩ መስሎ ይሰማሻል፤ ጠዋት ስትከፍችው ሌላ ነው። ለእኔ የሠራልኝ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ያህል መቀመጥ ነው።

ኮርሱ እስኪጀምር ድረስ አጠገብሽ ካለ አንድ ዕቃ አሥር የተለያየ ድምፅ ለማውጣት ሞክሪና በስልክሽ ቅጂ። ለእያንዳንዱ ፋይል የምታስታውሺውን ስም ስጪው። የመጀመሪያው ቀን መምህርሽን ላቡ ከክላስ ውጭ በየትኛው ሰዓት ክፍት እንደሆነ ጠይቂው፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ቦታ አይገኝም።