አዲስ ስፔሻሊስት ምን ዓይነት የአካል ጉዳት መድን ይግባ?

ዶክተር፣ እንኳን ደስ አለዎት። ጥያቄውን ላላዩት በአጭሩ ላስቀምጠው፦ የማኅፀንና ፅንስ ስፔሻሊቲዎን ጨርሰው ባሕር ዳር በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጥረዋል፤ ማታና ቅዳሜ በግል ክሊኒክ ይሠራሉ፤ አሜሪካ ያለው የክፍል ጓደኛዎ «ዲሴቢሊቲ ኢንሹራንስ ሳትገባ እንዳትቀር» ብሎዎታል፤ «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ነው የሚሉት። ከእኔ በፊት የመለሱት ሁሉ የኩባንያ ስም ጠርተዋል። ለእኔ ስሙ ሁለተኛ ነገር ነው። አንዱ ኩባንያ ራሱ ለሁለት ሐኪሞች በሸጠው ውል ውስጥ አንዲት ሐረግ ብትለያይ ክፍያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ጓደኛዎ የገባው እዚያ ለሐኪሞች የሚሸጠውን የገቢ መድን ነው። ሰውየው ቢታመም ወይም ቢጎዳ፣ በተለምዶ 90 ቀን ከጠበቀ በኋላ፣ ከገቢው 60 በመቶ አካባቢ በየወሩ እስከ 65 ወይም 67 ዓመቱ ይከፈለዋል። ቁም ነገሩ ጉዳቱ የሚመዘነው በራሱ ሙያ መሆኑ ነው። ቀዶ ጥገና ያቃተው ሐኪም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እያስተማረ ደመወዝ ቢያገኝም ክፍያው አይቋረጥበትም። አሠሪው በቡድን የሚገባለት መድን ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ሙያ የሚመዝነው ለመጀመሪያው 24 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ «ማንኛውንም ሥራ መሥራት ትችላለህ ወይ?» ወደሚል ይዞራል። በግል የሚጨምሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ ጋ ቅርንጫፍ ገብተው «የአካል ጉዳት መድን» ሲሉ በአብዛኛው የሚሰጥዎት የግል አደጋ መድን ቅጽ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ እርስዎም መተው፣ ኩባንያውም አላድስም ማለት ይችላል። ለሞት ይከፍላል፤ ለቋሚ ሙሉ ጉዳትና ለቋሚ ከፊል ጉዳት ይከፍላል፤ ከጉዳቱ የተነሣ ለጊዜው መሥራት ላልቻሉበት ጊዜ በሳምንት የተቆረጠ ገንዘብ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 52 ወይም 104 ሳምንት ድረስ፤ የሕክምና ወጪም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል። ስሙ እንደሚለው አደጋ ነው። የዲስክ መንሸራተት፣ ስትሮክ፣ ቲቢ፣ ድብርት በዚህ ውል ውስጥ የሉም፤ ሐኪምን ከሥራ የሚያስወጣው ደግሞ ከመኪና አደጋ ይልቅ ብዙ ጊዜ በሽታ እንደሆነ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል።

እንግዲህ ውሉን ሲያገኙ መጀመሪያ የከፊል ጉዳት ሠንጠረዡን ይግለጡ። ከኩባንያ ኩባንያ ቢለያይም አውራ ጣት ከ20 እስከ 25 በመቶ፣ ሌባ ጣት ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ነው የሚያዘው። መድኑ የአንድ ሚሊዮን ብር ቢሆንና የቀኝ ሌባ ጣትዎ ቢቆረጥ ከ100,000 እስከ 150,000 ብር ገደማ ይሰጥዎታል ማለት ነው። ሠንጠረዡ የሚመዝነው ጣቱን እንጂ ጣቱ የሚሠራውን ሥራ አይደለም፤ ለጸሐፊውም ለቀዶ ሐኪሙም አንድ ነው። ጣቱ ሳይቆረጥ ነርቩ ተጎድቶ ቢደነዝዝ ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። ስለዚህ ሁለት ማሻሻያ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንደኛው ለጣትና ለእጅ መቶኛው ከፍ እንዲል፣ «ከጥቅም ውጭ መሆን» የሚለውም እንደ መቆረጥ እንዲቆጠር ነው። ሁለተኛው በቋሚ ሙሉ ጉዳት ትርጉም ላይ «ማንኛውንም ሥራ መሥራት የማያስችል» የሚለው «በቅጹ የተመዘገበውን ሙያ መሥራት የማያስችል» ተብሎ እንዲለወጥ ነው። ሁሉም ኩባንያ እሺ አይልም፤ እሺ የሚለውም አረቦን (ለመድኑ የሚከፍሉትን) ይጨምራል። ቢጨምርም ይክፈሉ። ሙያዎ ሲመዘገብም «ሐኪም» ብቻ ተብሎ አይለፍ፤ «ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የማኅፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት» ተብሎ ይጻፍ።

መርፌ መወጋትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መወጋቱ አደጋ ነው፤ በዚያ የሚመጣው ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ግን በሽታ ነው ተብሎ ውድቅ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ውሎችም ኤችአይቪን በስም ያገልላሉ። «በሥራ ላይ በሚደርስ የመርፌ ወይም የስለት ጉዳት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ይሸፈናል» የሚል አባሪ ያስገቡ። አባሪው ቢኖርም ማስረጃ ከሌለ ዋጋ የለውም፦ በተወጉበት ዕለት ድርጊቱን በመዝገብ ያስፍሩ፣ የዚያኑ ዕለት የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ያድርጉ። ያ ውጤት ነጌቲቭ ካልሆነ «ቀድሞም ነበረብህ» ለሚል መልስ አይኖርዎትም። ፔፑ (ከተወጉ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰደው መድኃኒት) በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን መወሰዱ ለጤናዎ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ለካሳው። ዱቲ (ተረኛ) ሐኪም ሆኖ ራሱን በመዝገብ የማያስመዘግብ ስንቱ ነው!

ከሽፋን ውጭ የሆኑትን ሲያነቡ ጦርነት፣ ሁከትና የሕዝብ አመፅ የሚለው ላይ ቆም ይበሉ። ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ ለሥራ የሚወጣ ሰው በዚህ ጊዜ ይህን አንቀጽ እንደ ተራ ነገር ማለፍ የለበትም። የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ ካለ ይጠይቁ፤ ከሌለም የሌለዎትን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ሞተር ሳይክል መንዳት፣ መጠጥ፣ ራስን መጉዳት በየውሉ ከሽፋን ውጭ መሆናቸው የተለመደ ነው።

ለበሽታው ክፍል ያለው አማራጭ የሕይወት መድን ላይ የሚጨመር የቋሚ ሙሉ ጉዳት አባሪ ነው። ሲጠይቁ «በበሽታም ነው ወይስ በአደጋ ብቻ?» ይበሉ፤ በአደጋ ብቻ ከሆነ የግል አደጋውን ደግመው ነው የሚገዙት። ይህም የሚከፍለው ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ለተጎዳ ነው፤ ስምንት ወር ተኝቶ ለሚነሳ ሰው ምንም የለውም። ለዚያ መካከለኛ ጊዜ ያለዎት መጠባበቂያ የራስዎ ቁጠባ ነው፤ የስድስት ወር ወጪ በባንክ ሳይኖር ትልቅ የመድን መጠን መግባት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ዕድር አለኝ እንዳይሉ፤ ዕድር ዋና ሥራው ቀብር ነው።

አሁን ያለዎትን ደግሞ ይቁጠሩ። በመንግሥት ጡረታ ሕግ መሠረት ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልገዋል። አዲስ ስፔሻሊስት ጠቅላላ ሐኪምነቱንና ሬዚደንሲውን ደምሮም ብዙ ጊዜ አይሞላውም። ቢሞላም አበሉ የሚሰላው በመደበኛው ደመወዝ ነው፤ የዱቲና የክሊኒክ ገቢ አይቆጠርም። የግል ክሊኒኩ ላይ ቅጥር ከሆኑ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለልዎ፦ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ደመወዝ። በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ እስከ አንድ ዓመት፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ስድስት ወር 50 በመቶ። በታካሚ ቁጥር በመቶኛ የሚከፈልዎ ከሆነ ግን «ተቀጣሪ አይደለም» ሊባሉ ይችላሉ፤ ወረቀትዎን ይዩ።

መጠኑን ሲወስኑ ከዚህ ጉድለት ይነሱ። ደመወዝ፣ ዱቲና ክሊኒክ ተደምሮ በወር 60,000 ብር የሚያገኝ ሰው የአምስት ዓመት ገቢውን ቢይዝ 3,600,000 ብር ነው። ኩባንያው የገቢ ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል የክሊኒኩ ክፍያ በእጅ የሚሰጥና ግብር ያልተቆረጠበት ከሆነ ሳምንታዊ ክፍያው በደመወዝዎ ብቻ ሊሰላ ይችላል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተገባ መጠን ዛሬ የሚገዛው ሌላ ነው፤ ስለዚህ በየእድሳቱ መጠኑን ከፍ ማድረግ እንጂ «የአምናውን አድስልኝ» ማለት አይበጅም።

ቅጹን ራስዎ ይሙሉ፣ ወኪሉ አይሙላልዎ። የወገብ ሕመም፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ለጭንቀት የወሰዱት መድኃኒት፣ ሌላ ያለዎት መድን፣ ሁሉም ይጻፍ። በ1952ቱ ንግድ ሕግ አንቀጽ 667 የሚያውቁትን በትክክል የመግለጽ ግዴታ አለብዎት (አዲሱ የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል አልነካውም)፤ ካሳ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመረመረው ያ ቅጽ ነው። ኮፒውን ይያዙ። ጉዳት ሲደርስ ወዲያውኑ በጽሑፍ ያሳውቁና ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይያዙ፤ በአንቀጽ 674 መሠረት ጥያቄው በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። የጉዳቱን መቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ከባልደረቦችዎ የተዋቀረ ከሆነ ኩባንያው ይጠራጠራል፤ ከመጀመሪያው በሌላ ሆስፒታል ቦርድ ቢታዩ ጊዜ ያተርፋሉ።

ወደ ኩባንያው ምርጫ ስንመጣ፣ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ካላቸው ለሦስቱ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ያስገቡ። ሙያዎን፣ የሚፈልጉትን መጠን፣ ሁለቱን የትርጉም ማሻሻያዎች፣ የመርፌውን አባሪና የሁከት ሽፋኑን ይዘርዝሩ፤ ከዋጋው ጋር ሙሉ የውሉን ጽሑፍ እንዲልኩ ይጠይቁ። በቃል «ይሸፈናል» ያለውን ወረቀት ላይ ለማስፈር የሚያንገራግረውን ከዝርዝርዎ ያውጡት። የቀሩትን ውሎች እዚህ ቢለጥፉ አንቀጽ በአንቀጽ እናያቸዋለን።