ማንም የማይጠብቀው ረጅም ልጅ

ውድ ወጣት የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞችና ተጫዋቾች፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት አሰልጣኝ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ሴንተሬ፣ ከቅርጫቱ ስር የሚጫወተው ረጅሙ ልጅ፣ ከዚያ ወጣ ካለ መወርወር አይችልም። ከቋሚዎቹ ጋር ሲሰለፍ ቡድኑ ደህና ነው፤ ከተቀያሪዎቹ ጋር ሳስገባው ግን ማጥቃታችን ይደርቃል። ደቂቃውን ልቀንስበት ወይስ ልታገሰው?» ለዚህ ጥያቄ የሁለት መስመር መልስ በበቃው ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ራሴን ጠይቄ በስህተት መልሼዋለሁና። የስህተቱን ዋጋ የከፈለው ደግሞ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር።

በዚያን ጊዜ ዋና አሰልጣኝ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ልጁ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ዝምተኛ፣ ልምምድ ላይ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ሴንተር ነበር። ሪባውንድ፣ ማለትም ተስቶ የሚመለሰውን ኳስ፣ ይሰበስባል፤ ስክሪን ሲሠራ፣ ማለትም የጓደኛውን ጠባቂ በአካሉ ሲያግድ፣ ግድግዳ ነው፤ ከቅርጫቱ ስር ሲከላከል አጥቂዎች መንገድ ይቀይራሉ፤ ውርወራ ግን አልተሰጠውም። ከቋሚዎቹ ጋር ሲጫወት ይህ ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። የቀሩት አራቱ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆነው የሚያስፈሩ ስለነበሩ፣ የእሱ ጠባቂ ሌላ ሰው ልርዳ ብሎ ከተወው ልጁ ስክሪኑን ለቆ ወደ ቅርጫቱ ይሮጥና ኳሱን ከላይ ተቀብሎ ያስገባዋል፤ እሱን ልያዝ ብሎ ከጥግ የሚመጣ ተከላካይ ካለ ደግሞ ጥጉ ላይ የቆመው ጓደኛው ነፃ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አሰላለፍ ውስጥ የማይወረውር ሴንተር ሸክም ሊባል አይችልም፤ ለሌሎቹ ቦታ የሚከፍተው እሱ ነውና።

የተቀያሪዎቹ ነገር ግን ሌላ ነበር። በመከላከል ደካሞች ስለነበሩ ግንብ ይሁናቸው ብዬ፣ በመጀመሪያው ሩብ መጨረሻ ላይ ትንሽ አሳርፌው በሁለተኛው ሩብ መጀመሪያ ከአራቱ ተቀያሪዎች ጋር አስገባው ነበር። ሐሳቡ በመከላከል በኩል ትክክል ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። ያላሰብኩት ኳሱ የእኛ ሲሆን የሚሆነውን ነው። ተቀያሪው ፖይንት ጋርዴ፣ ኳሱን ይዞ ጨዋታውን የሚመራው፣ እንደ ጥይት የሚፈተለክ፣ ነገር ግን ከሩቅ ወርውሮ የማያስገባ ልጅ ነበር። እንግዲህ አምስት ሰው ሜዳ ላይ አለኝ፤ ከአምስቱ ሁለቱን ማንም አይፈራቸውም።

ሽንፈት ከአንድ የጥሎ ማለፍ ውድድር የሚያሰናብትበት ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያውን ሩብ በ11 ነጥብ እየመራን ጨረስን፤ እኔም እንደ ልማዴ ቀያየርኩ። የተቃራኒው ቡድን አሰልጣኝ ከመቀመጫው ሳይነሳ ለሴንተሩ በእጁ አንድ ምልክት ብቻ ሰጠው። ሴንተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ከቅርጫቱ ስር ቆመ፤ ለእኔ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ኳሱን ብቻ ይመለከት ነበር። በአሜሪካው የኤንቢኤ ሊግ ቢሆን ኖሮ ከ2001–02 የውድድር ዘመን ጀምሮ በክንድ ርቀት የሚጠብቀው ሰው የሌለው ተከላካይ ከቅርጫቱ ፊት ባለው ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ሕግ ግን የሦስት ሰከንዱ ክልከላ ያለው በአጥቂው ላይ ብቻ ነው፤ ተከላካዩ ከፈለገ እዚያው ሊከርም ይችላል። በፊባ ሕግ የምትጫወቱ ወጣቶች፣ ከኤንቢኤ ያያችሁትን አሰላለፍ እንዳለ ስትገለብጡ ይህችን ልዩነት አትርሷት።

የፖይንት ጋርዱም ጠባቂ የጓደኛውን አይቶ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የቀሩት ሦስት ልጆቼ በአምስት ሰው ተከበው መጫወት ያዙ። ፈጣኑ ልጅ ሰብሮ ሲገባ ግንብ ይገጥመዋል፤ ወደ ጥግ ሲያቀብል መስመሩ ላይ እጅ ይጠብቀዋል፤ ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው ሃያ አራት ሰከንድ ሊያልቅ ሲል ኳሱ ተመልሶ ማንም ወደማይጠብቀው ረጅም ልጅ ይደርሳል። ልጁ በነፃ ውርወራው መስመር ላይ ብቻውን ቆሞ፣ ኳሱ ከመድረሱ በፊት መዳፎቹን በቁምጣው ግራና ቀኝ ይጠርጋል። ያን ጊዜ ላብ መስሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከመስመሩ ዳር ሆኜ «ወርውር! ወርውር እንጂ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱን ሳይነካ የቦርዱን ጠርዝ መትቶ ወጣ፤ ከተመልካቹም ሳቅ ተሰማ።

ታይም አውት ጠየቅሁና የተናገርኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ባንተ ምክንያት በአራት ሰው እየተጫወትን ነው» አልኩት፤ ያውም አሥራ አንድ ጓደኞቹ እየሰሙ። ልጁ አንገቱን አልደፋም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ «እሺ አሰልጣኝ» ብሎ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አላስገባሁትም። እሱ ከወጣ በኋላ ማጥቃታችን ጥቂት ተንፈስ አለ፤ መከላከላችን ግን እንደ ወንፊት አፈሰሰ፤ ተሸነፍን። ለቀሪው የውድድር ዘመን በየቀኑ ከልምምድ በኋላ ለብቻው እያስቀረሁ ከሩቅ አስወረውረው ነበር። ረዳሁት ብዬ አምን ነበር። ቀድሞ ሲያደርገው ሳያስብበት የነበረውን ሁሉ እያሰበበት መጣ፤ በመጨረሻ ከቅርጫቱ ስር የሚያስገባውን እንኳ መሳት ጀመረ። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑን ለቀቀ።

አንድ ረዳት ነበረኝ፤ በሥልጣን ከእኔ በታች፣ በዕድሜ ግን ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ ሰው። ወረቀትና ሰሌዳ አይወድም፤ በኪሱ የለስላሳ ቆርኪ ይዞ ይዞራል፤ አሰላለፍ ሲያሳይ ጠረጴዛ ላይ አምስቱን ይደረድራቸዋል። ሰዓቱም ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ወደፊት የሄደ ነበር፤ በእሱ ምክንያት ለማንኛውም ጨዋታ አርፍደን አናውቅም። ከዚያ ጨዋታ ብዙ ቀደም ብሎ የተቀያሪዎቹን አምስት ቆርኪ ደርድሮ ሁለቱን ገልብጦ አሳይቶኝ ነበር። «አንድ የተገለበጠ ቆርኪ ችግር የለውም» አለኝ፤ «ሁለቱን ግን በአንድ ጊዜ አታስገባ።» እኔ በወጣትነቴ የተጫወትኩበትን ደረጃ እያሰብኩ፣ እሱ እዚያ ደርሶ የማያውቅ መሆኑንም እያሰብኩ፣ ፈገግ ብዬ አለፍኩት።

በተከታዩ ዓመት ልጁን በተቃራኒ ቡድን አገኘሁት። በሁለተኛው ሩብ ከተቀያሪዎች ጋር ገባ፤ እኔም ባለፈው ዓመት የተደረገብኝን አስታውሼ ሴንተሬን ከቅርጫቱ ስር አቆምኩት። አዲሱ አሰልጣኙ ግን ከጎኑ አራት ወርዋሪ አሰልፎ ነበር፤ ጎበዞች አልነበሩም፣ ግን አራቱም ከሩቅ ይወረውራሉ። ልጁ ወደ ነፃ ውርወራው መስመር ጫፍ ወጥቶ ኳሱን ይዞ ቆመ። አንዱ ወርዋሪ በአጠገቡ እየሮጠ አልፎ ኳሱን ከእጁ ተቀበለና በሰፊው ትከሻ ጀርባ ተከለለ። የወርዋሪው ጠባቂ ከልጁ ጋር ተጋጭቶ ቀረ፤ ወጥቶ ሊያግዝ የሚገባው የእኔ ሴንተር ደግሞ እኔው ባቆምኩት ቦታ፣ አራት ሜትር ርቆ ቅርጫቱ ስር ነው። ሦስት ነጥብ ተቆጠረ። በሚቀጥለውም ኳስ እንዲሁ። በሦስተኛው ረዳቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አምናም ይህን ማድረግ ይችል ነበር» አለኝ። እኔ ጉድለት ያልኩት ነገር፣ የሚጠብቀው ሰው መራቁ፣ አዲሱ አሰልጣኝ እጅ ሲገባ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ልጁ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ይቅርታ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ «ጥሩ ተጫወትክ» ብዬ ዋጥኩት።

ይህ ነገር የእኔ ብቻ አይደለም። በ2015 የኤንቢኤ የምዕራቡ ግማሽ ፍጻሜ ጎልደን ስቴት በሜምፊስ 2 ለ1 እየተመራ ሳለ፣ በአራተኛው ጨዋታ ሴንተሩን አንድሩ ቦገትን ከሩቅ የማያስፈራውን ቶኒ አለንን «ጠብቅ» ብሎ በተግባር ቅርጫቱ ስር አቆመው። ሜምፊስ ከቅርጫቱ ስር ጉልበት ያላቸው ረጃጅሞች ነበሩት፤ የሚሠሩበት ቦታ ግን ተዘጋባቸው፤ ጎልደን ስቴትም ዙሩን 4 ለ2 አለፈ። ልብ በሉ፣ አለን ሴንተር አይደለም፤ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ የሚጫወት ጋርድ ነው። ለዚህ ነው የማይወረውረውን ረጅም ሰው ብቻ ነጥሎ መውቀስ የማይገባው የምለው፤ ከእሱ ጋር የሚገባው ሁለተኛው የማይወረውር ሰው ነው ቡድኑን የሚያንቀው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተቀያሪዎች መካከል ነው።

የዛሬ ወጣቶች ረጅም ልጅ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሦስት ነጥብ ይወረውራል ወይ?» ብላችሁ ነው። የስልካችሁን ቪዲዮ ስለምታምኑ ይመስለኛል፤ ስክሪን ሠርቶ የቆመ ሰው በአጭር ቪዲዮ ላይ አይታይማ። የኤንቢኤውን ሴንተር ቤን ዋላስን አስታውሱ፤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት ማንም ያልመረጠው፣ ከነፃ ውርወራው ግማሹን እንኳ የማያስገባ ሰው አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ በ2004 ከዲትሮይት ጋር ዋንጫ አንሥቷል። በሌላ በኩል ሌላው ሴንተር ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመናት በጠቅላላ 3 ባለሦስት ነጥብ ብቻ አስገብቶ፣ በ2016–17 በአንድ ዓመት 134 አስገባ። ስለዚህ መማር አይቻልም አልልም። ነገር ግን ሎፔዝ ከመጀመሪያውም በነፃ ውርወራ ጎበዝ ነበር፤ እጁ ያውቅ ነበር። ልጃችሁ ከነፃ ውርወራው መስመር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ወስዳችሁ አታሠቃዩት።

የመደመርና የመቀነስ ቁጥር የምትሉት፣ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ ቡድኑ በስንት በለጠ ወይም ተበለጠ የሚለው፣ አብረውት የነበሩትን አራት ሰዎች ኃጢአት ሁሉ በአንድ ራስ ላይ ይጽፋል። በዚህ ቁጥር አትፍረዱ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ፤ በዚያን ጊዜ አምስት አምስቱን አሰላለፍ ለይቶ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በእጄ ቢኖር ኖሮ፣ ቆርኪውን ያልሰማሁ ሰው ቁጥሩን ምናልባት እሰማ ነበር።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ፣ ልጄ። አምስቱን በአንድ ጊዜ አትቀይሪ፤ ከቋሚዎቹ አንድ ጥሩ ወርዋሪ አስቀርተሽ ከእሱ ጋር አሰልፊው። የማይወረውር ጋርድ ካለሽ ሁለቱን ለያዪያቸው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይውጣ። ተከላካዩ ከቅርጫቱ ስር ከቆመ ኳሱን ለሴንተርሽ ስጪውና ወርዋሪው በአጠገቡ ይለፍ። ዞን፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠብቅ መከላከል፣ ከገጠመሽ መሐል ላይ አቁሚው፤ ቀና ብሎ የሚያቀብል ረጅም ሰው ለዞን እሾህ ነው። እሱ ተንጠራርቶ የሚያመጣው እያንዳንዱ የማጥቃት ሪባውንድም፣ ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ከሆነ፣ የማጥቂያ ሰዓቱን ወደ አሥራ አራት ሰከንድ ይመልስልሻል። እርግጥ አምስቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ግድ የሚሆንበት ቀን ይመጣል፤ ቋሚዎቹ ደክመው መተንፈስ ካቃታቸው እኔም ዛሬ አደርገዋለሁ፤ ግን ለሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ያውም ልጁን ሳልጮኽበት።

በሚቀጥለው ጨዋታሽ ኳሱ ወደ እሱ ሲሄድ እጆቹን ተመልከቺ። መዳፉን በቁምጣው ከጠረገ ከመስመሩ ዳር ምንም አትበዪው። ስትጽፊልኝም ያገባውንና የሳተውን ተዪው፤ በዚያች ሰዓት አብረውት ሜዳ ላይ የነበሩት አራቱ እነማን እንደሆኑና የትኛው የት ቆሞ እንደነበር ጻፊልኝ።