በጥቁር አፈር ላይ የጽጌረዳ አጥር፦ ለቱሉ ዲምቱዋ እህት መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ ቱሉ ዲምቱ የማኅበር ቤት አለሽ፣ የፊት ለፊቱ ወሰን 14 ሜትር ነው፣ 4 ሜትሩ የመኪና በር ሲሆን በቀረው 10 ሜትር ላይ በግንብ ፋንታ የጽጌረዳ አጥር ትፈልጊያለሽ። አምና ሐምሌ የተከልሻቸው ችግኞች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ መስከረም ሳይጠባ አለቁብሽ፤ «ማዳበሪያ አንሷቸው ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽ። ከጥያቄሽ በታች አስተያየት የጻፈ ብዙ ሰው ዩሪያ ጨምሪ ብሎሻል። እባክሽ አትጨምሪ። አልተራቡም፣ ታፍነው ነው የሞቱት።

ከአቃቂ ጀምሮ ገላንን፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን ይዞ ያለው መሬት አብዛኛው ኮትቻ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ይዘጋል። በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ በለስላሳ አፈርና በፍግ ሲሞላ የተሠራው ጉድጓድ አይደለም፣ ገንዳ ነው። የዙሪያው ውሃ ሁሉ ወደ ለስላሳው አፈር ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ሥር አየር ካላገኘ ውሃም ምግብም መሳብ ያቆማል፤ ቅጠሉ በውሃ መካከል ሆኖ ይጠወልጋል፣ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ይህን አይቶ «ርቦታል» የሚል ሰው መሬቱን አልነካውም ማለት ነው።

ከሞቱት አንዱ ገና ካልተጣለ ነቅለሽ እይው። ሥሩ ጠቁሮ፣ በሁለት ጣት ስትስቢው ልጣጩ ተንሸራቶ ወጥቶ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ፣ አፈሩም የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ የገደለው ውሃ ነው። ሥር የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ችግሩ ከሻጩ ነው፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

1. መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጊው። ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ገንዘብሽንም እዚህ ላይ አውጪ። ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ በሚፈረፈርበት ጊዜ ይቆፈር። እርጥብ ኮትቻ መቆፈር ክፉ ነው፤ ዶማው ያረፈበት ሁሉ ተለስኖ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ግርጌው በዶማ ይወጋጋ። ከዚያ ድብልቁን ሞልተሽ ከመሬት በላይ ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር ከምሪው፣ አናቱ ላይ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጥበብ። ድብልቁ ከራሱ ከወጣው ጥቁር አፈር 2 እጅ፣ ቀይ አፈር 2 እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት 1 እጅ፣ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) 1 እጅ ነው። ለ10 ሜትር በጠቅላላው 4.5 ሜትር ኪዩብ ያህል ይፈልጋል፤ ጥቁሩ ከግቢሽ ስለሆነ የሚገዛው 3 ሜትር ኪዩብ ነው። ሙሉ ሲኖትራክ አታዝዢ።

ቀይ አፈር ስታስመጪ ከመኪናው ሳይራገፍ እይው። ከግንባታ ቁፋሮ የወጣ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪና የብሎኬት ስባሪ ያለበት አፈር ብዙ ጊዜ «የአትክልት አፈር» ተብሎ ይሸጣል። ሲሚንቶና ኖራ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርጉታል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ያኔ ጽጌረዳ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ይወጣል።

«ከሥሩ ጠጠር ደልድዪ» የሚለውን ምክር ደግሞ ተዪው። መውጫ በሌለው ኮትቻ ውስጥ ጠጠሩ ራሱ ውሃ ያቁራል፣ የሥሩን ቦታ ከማሳነስ በቀር ጥቅም የለውም። የሚያድንሽ ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ከመደቡ ጎን በግቢው በኩል 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ አስወጪና በ10 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መንገዱ ዲች ይውጣ። የጣሪያሽ አሸንዳ የሚያፈስሰው ወደ ፊት ለፊት ከሆነ መጀመሪያ እሱን በቱቦ አዙሪው። አንድ የሐምሌ ዝናብ ከጣሪያ የሚያወርደውን ውሃ የትኛውም መደብ አይችለውም።

2. ጊዜው። «ክረምት ሲገባ ትከሉ» የሚባለው ለቡራዩና ለእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር እውነት ነው፤ እዚያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይተከላል። ለኮትቻ ግን አይሠራም። የበቾና የአደአ ገበሬ ሽምብራውን ጥቁር አፈር ላይ የሚዘራው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ነሐሴ ማብቂያና መስከረም ላይ ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። መደቡ ክረምቱን ዝናብ እየመታው ይርጋ፣ ጥቂት ይወርዳል፣ ከላይ ኮምፖስት ጨምሪበት። ችግኙን ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ትከዪ። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐዩም ወጥቷል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሳይመጣ ሥር ለመያዝ ሁለት ወር ያገኛል።

3. ችግኙ። እዚህ ላይ የሚበሳጨው ሰው ብዙ ነው፣ መበሳጨትም ይገባል። ከተቆረጠ ሦስት ሳምንት ያልሞላው የጽጌረዳ እንጨት ላስቲክ ውስጥ ተሰክቶ፣ ሦስት አራት ቅጠል አውጥቶ «የያዘ ችግኝ» ተብሎ በመንገድ ዳር ይሸጣል። እንጨቱ ውስጡ ባስቀመጠው ስንቅ ብቻ ቅጠል ማውጣት ይችላል፣ ሥር ግን የለውም። ስለዚህ ቅጠል አይተሽ አትግዢ። ግንዱን ከአፈሩ ከፍ ብሎ በሁለት ጣት ይዘሽ ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው። ከነአፈሩ ላስቲኩን ይዞ ከተነሣ ሥር አለው፤ ብቻውን ከተንሸራተተ መልሰሽ አስቀምጪው። የላስቲኩን ግርጌም እይ፣ ነጣ ያለ ሥር ከቀዳዳው ብቅ ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። በግንዱና በሥሩ መገናኛ ላይ ሸካራ እብጠት ያለበትን ግን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። በባክቴሪያ የሚመጣ የሥር እብጠት ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ አፈሩንም ይበክላል።

ከአበባ እርሻ የወጣ ነው እየተባለ የሚሸጠውም ለአጥር አይሆንም። ሆለታና ሰበታ ግሪንሃውስ ውስጥ የሚለማው ለረጅም ዘንግ የተመረጠ ዝርያ ነው፤ ሽቅብ ይሄዳል፣ ግርጌው ይራቆታል፣ ውጭ ሲያወጡት አመዳይ (ቅጠሉን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስል የሻጋታ በሽታ) ይፈጀዋል። ለአጥር የምትፈልጊው ከግርጌው የሚቆጠቆጥ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ብዙ ትናንሽ አበባ በዘለላ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። በጀርመን በ1958 የወጣው ነጩ አይስበርግ የዚህ ዓይነት ነው፣ እሾሁም ጥቂት ነው። ሻጩ ስሙን ካላወቀ «በዘለላ የሚያብበውን» ብለሽ ጠይቂና እናት ተክሉን እንዲያሳይሽ አድርጊ።

ከሁሉ የተሻለው ግን ሰፈር ውስጥ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት በደህና ከቆየ ተክል ቆርጦ ማራባት ነው። ባለቤቱን ጠይቂ፣ ማንም አይከለክልሽም። አበባው በቅርቡ ከረገፈለት ቅርንጫፍ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለውን፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ 4 ወይም 5 አንጓ ያለው እንጨት ቁረጪ። የታችኛው ቁርጥ ከአንጓው ሥር ይሁን፣ የላይኛው ከአንጓው በላይ ሰያፍ ይሁን። ከላይ ሁለት ቅጠል ትተሽ ሌላውን አርግፊ፣ ሁለት ሦስተኛውን በእኩል አሸዋና ኮምፖስት ውስጥ ቅበሪው፣ ጥላ ሥር አድርጊና በላስቲክ ሸፍኚው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል፤ ወደ መደቡ የሚሄደው ግን ቢያንስ አራት ወር ሲሞላው ነው። በራሱ ሥር የቆመ ተክል ለአጥር በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ከተዳቀለው ይበልጣል፤ ከግርጌው የሚወጣው ቡቃያ ሁሉ ያው ራሱ ስለሆነ አጥሩን ያወፍረዋል። የተዳቀለ ከገዛሽ ግን ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን በመቀስ አትቁረጪ፣ ከመነሻው ገንጥለሽ አውጪው፤ አለበለዚያ ሥሩን የሰጠው ዱር ጽጌረዳ አጥሩን ይወርሰዋል።

ብዛቱ፦ በአንድ ረድፍ በ50 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ከሁለቱም ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ትተሽ፣ 20 ችግኝ። ለመተኪያ ሦስት ጨምሪ። ቦታ አለኝ ብለሽ 30 አታድርጊው፤ ሲጠጋጋ መሃሉ አየር አያገኝም፣ በሽታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከወሰኑ መስመር ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተሽ ትከዪ። ቅርንጫፉ ያን ያህል ይዘረጋል፣ እሾሁ ደግሞ ተማሪ የሚያልፍበት መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የወሰን ችካልሽን ከካርታሽ ጋር ሳታገናዝቢ አንድ ዶማ አታስነሺ። ችካል እንዲታይልሽ ቢሮ ስትሄጂ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል፣ ነገ ነይ» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ፊት ነሱኝ ብለሽ አትመለሺ፣ ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢና መዝገብ ቁጥር ተቀበዪ። የቃል ጥያቄ ይረሳል፣ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ግን መልስ ይጠየቅበታል። ወደ ውሃ ቆጣሪሽ የሚመጣው የፕላስቲክ ቧንቧ በየት እንደሚያልፍም ቀድመሽ እወቂ፤ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ዶማ ያገኘዋል።

ስትተክዪ ላስቲኩን በምላጭ ቀደሽ ሙሉ በሙሉ አውጪው። «ይበሰብሳል» የሚሉ አትክልተኞች አሉ፣ አይበሰብስም። ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ ከሆነ በእጅሽ ፍቺው። ላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ ትከዪ፣ ጠልቆ አይግባ፣ አፈሩን በእግር ሳይሆን በእጅ ጫን አድርጊው። ከዚያ አብዛኛው ሰው የሚሳሳለትን ሥራ ሥሪ፦ ሦስት ጠንካራ ቅርንጫፍ አስቀርተሽ እያንዳንዱን ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ወደ ውጭ ከሚያይ የቡቃያ ዓይን በላይ ቁረጪው። አበባ ይዞ የመጣ ችግኝ መቁረጥ ያሳዝናል፤ ካልተቆረጠ ግን ግርጌው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ በኋላ የሚሞላውም የለም። አዲሱ ቅርንጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ድጋሚ ቀንጥቢ።

ውሃ፦ የመጀመሪያው ወር በየሦስት ቀኑ ለአንዱ 6 ሊትር። ለ20ው 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶሽ ላይ ይህን ቀድመሽ አስቢበት። ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ በሳምንት አንዴ 10 ሊትር ይበቃዋል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ጧት ከሥሩ አጠጪ፣ ቅጠሉን አታርጥቢ። በረኪና የነካው የልብስ ውሃ አይጠጣም። ጥቅምት ላይ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጤፍ ጭድ መደቡ ላይ አልብሺ፤ ኮትቻው እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ከግንዱ አንድ መዳፍ ይራቅ።

ማዳበሪያ በመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሰኔ መግቢያ ላይ ለአንድ ተክል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ)፣ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀሽ።

በሽታና ተባይ፦ ክረምት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይመጣል፣ የረገፈውን ቅጠል ልቀሚና አቃጥዪ፣ ከባሰ ማንኮዜብ የሚባለውን የሻጋታ መድኃኒት በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም። ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ አመዳይ ለጋውን ቅጠል ያጠቀልለዋል፤ ለእሱ ድኝ ይረጫል፣ ማንኮዜብ አይሠራበትም። ክሽክሽ (ለጋውን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። አንድ ደህና የነበረ ተክል በድንገት ጠውልጎ ሲነካ ከተነቀለ፣ አጠገቡም የአፈር ቁልል ካየሽ ፍልፈል ሥሩን በልቶታል፤ ይህ በዳር ሰፈር የተለመደ ነው። መደቡን ስትሠሪ በጎንና በግርጌ የዶሮ ሽቦ ብታነጥፊበት ከዚህ ትድኛለሽ።

ፍየልና በግ እሾሁን አይፈሩም፣ ለጋ ጽጌረዳ ይወዳሉ። አጥሩ እስኪገጥም ወደ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ በመንገዱ በኩል አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ሽቦ ያስፈልጋል።

ለጥበቃ ከሆነ የምትፈልጊው፣ በጓሮ በኩል ቀጋ ትከዪ። የአገራችን ጽጌረዳ ነው፣ ከሰሐራ በታች ላለችው አፍሪካ የራሷ የሆነችው ጽጌረዳ እሷ ናት። ብርዱን ትችላለች፣ ነጭ አበባዋ ያምራል፣ ቀይ ፍሬዋን ልጆች ይበሉታል፣ እሾሁን ግን ሌባም ከብትም አያልፈውም። በአንድ ሜትር ልዩነት ትተከላለች፣ ወደ ጎን በጣም ስለምትዘረጋ ግን ለጠባቡ የፊት ለፊት መደብሽ አትሆንም።

ዋናው ግረዛ በዓመት አንዴ፣ የካቲት ላይ ነው፣ ውርጩ ካለፈና የበልጉ ዝናብ ከመድረሱ በፊት። ቁመቱን በአንድ ሦስተኛ ቀንሺ፣ የደረቀውንና ወደ መሃል የሚገባውን አውጪ፣ ግርጌው ከአናቱ ሰፋ ብሎ እንዲቀር አድርጊ፤ ግርጌው ፀሐይ ካጣ ይራቆታል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገሪ መቀሱን በአልኮል ጥረጊው። መደቡን ግንቦት ላይ ስታስቆፍሪ የውሃውን ፍተሻም አድርጊ፦ 40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ በውሃ ሞልተሽ ሲመጥ ድገሚው፤ ሁለተኛው ውሃ በማግስቱ ካልመጠጠ የመደቡን ከፍታ ከ30 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር አሳድጊው።