ዋስ በሌለበት አገር መታመን

አዲስ አገር የገባ ሰው ከገንዘብ ይልቅ የሚቸግረው ዋስ ነው። አከራዩ ከዚህ በፊት ያከራያችሁን ሰው ይጠይቃል፤ ቀጣሪው የሚመሰክርላችሁ ይፈልጋል፤ ባንኩ የብድር ታሪካችሁን ያያል። የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚያውቅ የለም።

እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወገኖቼ በቀር ማንንም አልቀርብም ነበር። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከሰላምታ አላልፍም። ከሥራ የተቀነስኩ ጊዜ ወዳጆቼ ከልባቸው ተጨነቁልኝ፤ ነገር ግን የሚያውቁት እኔው የማውቀውን ነበር። ክፍት ቦታ መኖሩን የነገረኝ በዓመት አንዴ የማገኘው የቀድሞ ባልደረባዬ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል፣ ያንን ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የቅርብ ወዳጅ የሚውለው እኛ በምንውልበት ነው፤ የሩቁ ግን ሌላ ወሬ ይሰማል።

ታዲያ የሩቁን ሰው በችግር ቀን ብቻ አትፈልጉት። የሚጠቅመውን ነገር ስትሰሙ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሲያማችሁ የሥራ ፈረቃችሁን የሸፈነላችሁን ባልደረባ፣ ሳይጠይቃችሁ የእርሱን ሸፍኑለት።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ስለ «እሺ» ነው። በእኛ ዘንድ ፊት ላለማጥቆር ሲባል የማይቻለውን «እሺ» ማለት ደግነት ይመስላል። ሰሚውም አብሮን ያደገ ከሆነ ከድምፃችን ይረዳዋል። የውጭው ሰው ግን ቃሉን ይይዝና ቀጠሮውን ያስተካክላል፣ ሌላውን ይመልሳል፣ ይጠብቃችኋል። ሁለቴ ከቀራችሁ ሦስተኛ አይጠይቃችሁም፤ ምክንያቱንም አይነግራችሁም። «አልችልም» በሉ፤ በዚህ የሚቀየም ሰው እምብዛም አላየሁም። እሺ ካላችሁ በኋላ እክል ከገጠማችሁም ሰዓቱ ሳይደርስ አሳውቁ።

ከወገን ጋር በገንዘብ ስትገናኙ ደግሞ ጻፉ። ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል፤ የእኔንም ጨምሮ። ከአንድ የልብ ወዳጄ ጋር ለሥራ የሚሆን መኪና በጋራ ገዛን፤ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚችል ለመጻፍ ሁለታችንም አፈርን። መኪናው ሲበላሽ ሁለታችንም የምናስታውሰው የተለያየ ነገር ነበር፤ ማናችንም አልዋሸንም። ያን ቀን አራት መስመር ጽፈን ተፈራርመን ቢሆን ኖሮ፣ ወዳጄ ልጁን ሲድር ሠርጓ ላይ እገኝ ነበር።