ጥፋቱ የሯጩ ነው ወይስ የመራጩ?

ስለ አሜሪካን ፉትቦል ሊግ (NFL) የጠየቅከውን አየሁት ወንድሜ። ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ሴኳን ባርክሊ ፊላደልፊያ ሄዶ ዋንጫ ካነሳ በኋላ እንኳን ለምንድነው ራኒንግ ባክ በአንደኛ ዙር አይመረጥም የምትሉት?» ብለሃል። ሁለተኛ፣ «ካያችኋቸው ሁሉ ትልቁ የድራፍት ኪሳራ ማነው?» ብለሃል። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ትሬንት ሪቻርድሰን ብለው አልፈዋል። ልክ ናቸው፣ ግን ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረህም። እኔ ሜሪላንድ ከገባሁ ጀምሮ የዋሽንግተን ደጋፊ ነኝ። ያ ማለት በመናደድ የሠለጠንኩ ሰው ነኝ ማለት ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ኳሱን ገና ለጀመራችሁ በአጭሩ። ራኒንግ ባክ ጨዋታውን ከሚመራውና ኳሱን ከሚወረውረው ከኳርተርባኩ እጅ ኳስ ተቀብሎ በተከላካዮች መሀል ሰንጥቆ የሚሮጠው ልጅ ነው። ድራፍት ደግሞ ከኮሌጅ የሚመጡት ልጆች በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለቡድኖች የሚከፋፈሉበት ነው። 7 ዙር አለው። የድራፍት ኪሳራ የምንለው በትልቅ ተስፋ ተመርጦ ያልተሳካለትን ነው። ባለፈው ሲዝን ብዙ የተሸነፈ ቀድሞ ይመርጣል። ይቺን ያዙልኝ። ጎበዙ ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው መንገድ የሚከፍትለት ሰው ወደሌለበት ቤት ነው።

አሁን ወደ 2012። ሪቻርድሰን ከአላባማ ሲወጣ የሁሉም ወሬ እሱ ነበር። ክሊቭላንድ 4ኛ ላይ ነበር የሚመርጠው። አንዲት ደረጃ ከፍ ለማለት ለሚኒሶታ ሌሎች 3 ምርጫዎች ጨምሮ ሰጠና 3ኛ ላይ ወሰደው። ሚኒሶታ ግን ልጁን ሊወስደው የሚችልበት ምክንያት አልነበረም። አድሪያን ፒተርሰን ቤቱ አለ! ፒተርሰን ጉልበቱ የተበጠሰው በ2011 የፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ከእኛ ጋር ሲጫወት ነው። አበቃለት ተብሎ ነበር። በቀጣዩ ሲዝን 2,097 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል) ሮጦ የሊጉ ኮከብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያንን ሽልማት ከኳርተርባክ ሌላ የወሰደ የለም።

ሪቻርድሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 950 ያርድ ሮጠ፣ በሩጫ 11 ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚን መጨረሻ መስመር አሻግሮ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ለጆሮ ደህና ነው። ሲካፈል ግን ለአንድ ሩጫ 3.6 ያርድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሲዝን ሁለት ጨዋታ ብቻ አጫውተውት ለኢንዲያናፖሊስ በአንደኛ ዙር ምርጫ ለወጡት። ያኔ ብዙ ሰው ኢንዲያናፖሊስ አሪፍ ገበያ አገኘ ብሎ ነበር። እዚያ ደግሞ በዚያ ሲዝን ለአንድ ሩጫ 2.9 ያርድ። በ2015 አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ በሊጉ መደበኛ ውድድር አንድም ጨዋታ አላደረገም።

በዚያው በ2012 ድራፍት እኛ በ6ኛው ዙር፣ 173ኛ ላይ አልፍሬድ ሞሪስን ወሰድን። ከፍሎሪዳ አትላንቲክ ነው የመጣው። ያን ቀን ስለሱ ያወራ ሰው አላጋጠመኝም። ልጁ 1,613 ያርድ ሮጠ። የክለቡ ሪከርድ ነው። በመጨረሻው ጨዋታ ዳላስ ላይ 200 ያርድና 3 ታችዳውን አከለበትና ዲቪዥኑን፣ ማለትም ምድባችንን፣ በአንደኝነት ወሰድን። የሚነዳት መኪና ደግሞ የ1991 ማዝዳ ነበረች። እዚህ አካባቢ በሹፍርና የምንኖር ሐበሾች ከሩጫው በፊት የወደድነው በማዝዳዋ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ ሞሪስ ከሪቻርድሰን ይበልጣል? በሰውነትና በፍጥነት አይመስለኝም። ልዩነቱ ከፊታቸው የነበረው ነገር ነው። የኛ አሠልጣኝ ማይክ ሻናሃን ነበር። የሱ ዘዴ ከሯጩ ፊት ተሰልፈው መንገድ የሚከፍቱት አምስቱ የመስመር ሰዎች ሰው ለሰው ከመያያዝ ይልቅ አብረው ወደ አንድ ጎን እንዲገፉ ነው። ሯጩ አብሯቸው ይሄዳል። ቀዳዳ ሲያይ አንዴ ይቆርጥና ይሮጣል። ሁለተኛ መቁረጥ የለም፣ እስክስታ የለም። በዚያ ላይ ኳርተርባኩ ሮበርት ግሪፊን ራሱ በራሪ ስለነበር ተከላካዮቹ ኳሱ ማን ጋ እንዳለ እስኪያውቁ ደርቀው ይቆሙ ነበር። ለዚያች ግማሽ ሰከንድ ነው ሞሪስ የሚኖረው። ሻናሃን ከ2013 በኋላ ሲሄድና ግሪፊን ጉልበቱ ሲከዳው የሞሪስም ቁጥር በየዓመቱ ወረደ። በ2015 ላይ 751 ደረሰ።

ሻናሃን ይህን ዴንቨር እያለ ደጋግሞ አሳይቷል። በ1995 ቴሬል ዴቪስን በ6ኛ ዙር፣ 196ኛ ላይ ወሰደው። ዴቪስ በ1998 ላይ 2,008 ያርድ ሮጠ። በ1999 ጉልበቱ ተጎዳ። በቦታው የ4ኛ ዙር ልጅ፣ ኦላንዲስ ጌሪ ገባና 1,159 ሮጠ። በ2000 ደግሞ ማይክ አንደርሰን የሚባል፣ ባሕር ኃይል እግረኛ ሆኖ ያገለገለ የ6ኛ ዙር ልጅ መጣና 1,487 ሮጠ። በ2002 ክሊንተን ፖርቲስ በ2ኛ ዙር መጣ፣ 1,508። ሯጩ ይቀያየራል፣ መንገዱ ግን እዚያው ነው።

እዚህ ጋ ነው የኛ ቤት ጉድ የሚመጣው። በ1999 የኒው ኦርሊንስ አሠልጣኝ ማይክ ዲትካ ሪኪ ዊሊያምስን ለማግኘት አበደ። 5ኛ ላይ ለመድረስ የዚያን ዓመት ምርጫዎቹን ሁሉ፣ ከቀጣዩ ዓመት ደግሞ የ1ኛና የ3ኛ ዙሩን ለእኛ ሰጠን። አንድ ሰው ለመውሰድ ሙሉ ድራፍት! ሪኪ የሙሽራ ቬሎ ለብሶ፣ ዲትካ ሙሽራው ሆኖ በመጽሔት ሽፋን ላይ ሁሉ ወጡ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ዲትካ ተባረረ። እኛ ካገኘነው ላይ እየተለዋወጥን ተከላካዩን ቻምፕ ቤይሊን 7ኛ ላይ ወሰድን። በቀጣዩ ዓመት በነሱ ምርጫ ሌላ ተከላካይ፣ ላቫር አሪንግተንን 2ኛ ላይ አገኘን።

ከዚያስ? በ2004 ያንን ቤይሊን ለዴንቨር ሰጥተን ፖርቲስን ወሰድን። የ2ኛ ዙር ምርጫ መርቀንላቸው! ኒው ኦርሊንስ ለራኒንግ ባክ ብሎ ያጣውን ሰው እኛም ለራኒንግ ባክ ብለን አጣነው። ፖርቲስን አልጠላውም፣ እንዲያውም ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ኳርተርባኩን ሊመታ የሚመጣን ግዙፍ ሰው እንደሱ የሚጋፈጥ ሯጭ ጥቂት ነው። ግን ዴንቨር ላይ ለአንድ ሩጫ 5.5 ያርድ ያገኝ የነበረ ልጅ እኛ ጋ በመጀመሪያው ዓመት 3.8 አገኘ። እግሩ መንገድ ላይ አልቀረም። መስመሩ ነው የቀረው። ቤይሊ ደግሞ ዴንቨር ላይ ስሙን አደላድሎ የሊጉ ታላላቆች የሚታሰቡበት የዝና አዳራሽ ገባ።

ሪኪስ ኪሳራ ነው? እኔ አልልም። በ2002 ማያሚ ሄዶ 1,853 ያርድ ሮጦ ሊጉን መርቷል። ሯጩ ደህና ነበር። የተከፈለው ዋጋ ነው ያበደው። ስለዚህ አንድ ልጅ የድራፍት ኪሳራ ነው ስትሉ መጀመሪያ ለዩልኝ። በጉዳት የቀረ አለ። በዋጋው የተሰቀለ አለ። በእውነት ያልቻለ ደግሞ አለ።

በጉዳት ለቀረው ኪጃና ካርተርን ተመልከት። በ1995 ሲንሲናቲ 1ኛ ላይ ወሰደው። ገና በመጀመሪያው የዝግጅት ጨዋታ፣ በሦስተኛው ሩጫው ጉልበቱ ተበጠሰ። ከሱ ወዲህ ራኒንግ ባክ 1ኛ ተመርጦ አያውቅም። በዚያው ድራፍት ዴቪስ 196ኛ፣ ከርቲስ ማርቲን 74ኛ ነበሩ። ሁለቱም ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ካርተርን ግን ኪሳራ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ልጁ መቼ ተጫወተ?

ወደ ሪቻርድሰን ስመለስ፣ እሱን «መስመሩ ደካማ ነበር» ብለህ ልታድነው ትሞክር ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ መፈተኛ አለኝ። በዚያው መስመር ጀርባ፣ በዚያው ሲዝን፣ ሌላው ሯጭ ስንት ሮጠ? በ2013 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ዶናልድ ብራውን የሚባል ሰው ነበር። እሱ ለአንድ ሩጫ 5.3 ያርድ ሲያገኝ ሪቻርድሰን 2.9። ኳርተርባኩም አንድ፣ መስመሩም አንድ። ጨዋታዎቹን መልሰህ ብታይ ቀዳዳው በግራ ተከፍቶ ሪቻርድሰን የራሱ ሰው ጀርባ ላይ ሄዶ ሲላተም ታያለህ። ጉልበት ነበረው፣ ዓይን አልነበረውም። አላባማ ላይ በሩ ሰፊ ስለነበር ዓይን አላስፈለገውም። ለሁለተኛው ጥያቄህ የኔም መልስ እሱ ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ። ከ2011 ወዲህ የአዲስ ገቢ ደመወዝ የሚወሰነው በተመረጠበት ቁጥር ነው፣ በሚጫወትበት ቦታ አይደለም። 2ኛ የተመረጠ ኳርተርባክ ከአንጋፋ ኳርተርባኮች አንጻር በርካሽ ነው የሚጫወተው። 2ኛ የተመረጠ ራኒንግ ባክ ግን አንድ ጨዋታ ሳያደርግ ከቦታው ውድ ተከፋዮች ተርታ ይሰለፋል። ቡድኑ ምንም አላተረፈም። በዚያ ላይ ራኒንግ ባክ በየሳምንቱ ሃያ ጊዜ የሚመታ ሰው ነው። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ብዙዎቹ መውረድ ይጀምራሉ። የመጀመሪያ ውሉ ሲያልቅ ጥሩው ዘመኑ አብሮ አልቋል። ፒተርሰን በ33 ዓመቱ እኛ ጋ መጥቶ 1,042 ሮጧል፣ አውቃለሁ። እሱን ለምሳሌ አትጥሩት፣ ሰውዬው ከሌላ ነገር ነው የተሠራው።

አሁን ሴኳን። አንተ የኔን ሐሳብ ያፈርሳል ብለህ ነው ያመጣኸው። እኔ ደግሞ ከሱ የተሻለ ምስክር የለኝም። የኒው ዮርኩ ጃያንትስ በ2018 ላይ 2ኛ ወሰደው። በመጀመሪያ ዓመቱ በሩጫና በቅብብል 2,028 ያርድ ሠራ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ቡድኑስ? 5 አሸነፈ፣ 11 ተሸነፈ። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፣ የውል ጭቅጭቅ መጣ፣ በ2024 ለቀቁት። ፊላደልፊያ አንድም የድራፍት ምርጫ ሳያወጣ በ3 ዓመት 37.75 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። 2,005 ያርድ ሮጠ። የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውሉንም በልደቱ ቀን ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፈው ወሰዱ።

ማን መንገድ እንደከፈተለት ተመልከት። ጆርዳን ማይላታ አውስትራሊያዊ የራግቢ ልጅ ነው። ፊላደልፊያ የወሰደው ሴኳን 2ኛ በተመረጠበት በዚያው የ2018 ድራፍት፣ በ7ኛ ዙር ነው። ሌን ጆንሰን ደግሞ የ2013 4ኛ ምርጫ ነው። እነሱ ቤቱን ሠርተው ጨርሰው ነው ሴኳንን የጠሩት። ጃያንትስ ግን መሠረቱ ሳይቆፈር ጣሪያውን ገዛ። በ2018 እኔ የጃያንትስ ሰው ብሆን ኖሮ ያንን 2ኛ ምርጫ ሸጬ መስመር እሠራበት ነበር።

ይህን ስል አንደኛ ዙር ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። እዚህ ከምንወያየው መካከል ነገሩን ሃይማኖት ያደረጉት አሉ፣ እነሱም ያበዙታል። ዲትሮይት በ2023 ጃሚር ጊብስን 12ኛ ላይ ሲወስድ ሁሉም ሳቀባቸው። ግን የመስመር ሰዎቹ ፔኔ ሱወልና ፍራንክ ራግናው እዚያ ነበሩ። መንገዱ ተጠርጎ ሯጭ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ልጁ በ2024 ላይ 1,412 ያርድና በሩጫ 16 ታችዳውን ሠራ። ያ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ላስ ቬጋስ በ2025 አሽተን ጄንቲን 6ኛ ላይ የወሰደው ግን የጃያንትስን ታሪክ ይመስለኛል። ልጁ ኮሌጅ ላይ በአንድ ሲዝን 2,601 ያርድ የሮጠ ነው። ፕሮ ሲገባ ግን መስመሩ ደካማ፣ ግራውን የሚይዘው ኮልተን ሚለር ደግሞ ገና በሲዝኑ መጀመሪያ ተጎዳ። ጄንቲን ከአሁኑ ኪሳራ የምትሉት ሰዎች እባካችሁ ታገሱ። አብረውት የሚሮጡት በዚያ መስመር ስንት እንዳገኙ አይታችሁ ኑ።

የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆንክ አልጻፍክም። ዳላስ ከሆንክ ኤሚት ስሚዝን ይዘህ እንደምትመጣ ይታየኛል። 18,355 ያርድ፣ እስካሁን ማንም ያልደረሰበት፣ እሺ። ግን ኤሚት በ1990 የተመረጠው 17ኛ ላይ ነው። በዚያ ድራፍት 2ኛ ላይ የተወሰደው ራኒንግ ባክ ብሌየር ቶማስ ነበር፣ ለኒው ዮርኩ ጄትስ። ኤሚት በደህናው ዘመኑ ከመስመር ሰዎቹ ከኔት ኒውተንና ከኤሪክ ዊሊያምስ ጀርባ ነው የሮጠው። ቶማስ ጄትስ ላይ ምን እንደገጠመው የጄትስ ደጋፊ ካለ እሱ ይጻፍልን፣ እኔ የራሴ ቡድን ይበቃኛል።