ኅዳር ላይም ኑ

ጳጉሜን ሲገባ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ደብተር ይሰበሰባል፣ እስክሪብቶ ይሰበሰባል፣ ቲሸርት ይታተማል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተኮናትረው ወደ አንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ማታ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይጠጣል።

ይህን የምጽፈው ላሾፍባችሁ አይደለም። ማንም ሳያስገድዳችሁ ከኪሳችሁ የምታወጡት ነውና ተባረኩ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና አንድ አመል አለብኝ። ወጪ ሲወጣ ምን ተገዛበት ብዬ ብቻ አልተውም፤ ምን አመጣ ብዬም እጠይቃለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከኩታበር መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ የቀበሌ ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ። ስሙን አልጽፍም። ከጻፍኩ ሁላችሁም እዚያው ትሄዱና ሌላው ይረሳል።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ርዕሰ መምህሩን አቴንዳንሱን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። እኔ የአምስተኛ ክፍሉን ሳገላብጥ የመስከረም ገጽ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ጥቅምትም ደህና ነው። ኅዳር ላይ ግን የቀሪ ምልክት ገጹን ሞልቶታል። ወደ ጎን ማንበቡን ትታችሁ ወደ ታች ስታነቡት ደግሞ ሌላ ነገር ብቅ ይላል። የሰኞው ዓምድ፣ ወሩ ምንም ይሁን ምን፣ ቀሪ ይበዛበታል።

ሰኞ ለምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገርም። ገበያ ነው። ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ጭራሮውን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። እናት ብቻዋን አትችልም፣ ልጅ ይከተላል። የኅዳሩ አጨዳ ነው። ገብሱም ስንዴውም ባቄላውም ባንዴ ይደርሳል፣ ያለ ጊዜው ዝናብ ከመጣ ደግሞ የዓመት ቀለብ ማሳ ላይ ይቀራል። አባት በሌለበት ቤት የ11 ዓመት ልጅ ሙሉ ሠራተኛ ነው። እናንተ የሰጣችሁት ደብተር ጎጆው ግድግዳ ላይ በፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ልጁ ማጭድ ይዟል።

ትምህርት በነፃ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ክፍያ እንዳይኖር አድርጎ ነበር። ለድሃ ቤት ግን ትልቁ ወጪ ክፍያው ሆኖ አያውቅም። ትልቁ ወጪ የልጁ ጉልበት ነው። እሱ ክፍል ከተቀመጠ ከብቱን ማን ያግዳል? እሷ ክፍል ከተቀመጠች ውሃውን ማን ይቀዳል?

ለሰኞው መድኃኒቱ ብር አልነበረም፣ ቅሬ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማለቴ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቅሬው በተሰበሰበበት ቀን አቴንዳንሱን ይዞ ሄደና ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። ተነጋገሩና ጎረቤት ለጎረቤት ተራ እንዲገባ ተስማሙ። ተራው የደረሰው የሌላውንም ዕቃ ይዞ ገበያ ይሄዳል፣ ልጅ አይከተልም። ሁሉም አላከበረውም። ያም ሆኖ የሰኞው ዓምድ ሳሳ። ይህንን ከከተማ የሄደ ሰው ቢያዘው ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር፤ ባይሰሙትም አልፈርድባቸውም።

ለኅዳሩ ግን ብር ይጠቅማል። አጫጅ በቀን ክፍያ ይገኛል። ከደብተሩ ገንዘብ ግማሹን አስቀምጡና መምህራኑና ቅሬው ለመረጧቸው ጥቂት ቤቶች አጫጅ ቅጠሩ። ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ ወጥተን ራሳችን እናጭዳለን የምትሉም አትጠፉም። አብሽሩ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ማጭድ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ለባለ ማሳዋ ሁለት ሥራ ትጨምሩባታላችሁ። እናንተን ማብላት አንድ፣ የበተናችሁትን መልቀም ሁለት።

አሁን ደግሞ ክፍል የተገኘውን ልጅ እንይ። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የአማርኛ መጽሐፉን እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ጥርት አድርጎ ያወርደው ጀመር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጣቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፣ አፉ አምስተኛው ላይ ደርሷል። በቃሉ ነው የያዘው። ሌላ ገጽ ገለጥኩለት፤ ዝም አለ። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ያን ሁሉ በጆሮው ሰምቶ የያዘ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል? በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጧል፣ ወንበርና መጽሐፍ ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ፊደል በሚቆጠርበት ዕድሜ ቤት የዋለ ልጅ፣ ክፍል ሲያልፍ ንባቡ አብሮት አላለፈም። (እናንተም መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ሳታጣሩ እንዳትወጡ። ጀብዱ አያስፈልግም።)

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጉድ አለ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ሰው ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ያወራል። እኔ ትዝ የሚለኝ ያ ጣት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ክረምት ላይ ቤታችሁ ትመጣላችሁ። ሐምሌና ነሐሴን አልጋ ላይ ስልክ እየነካካችሁ ከምታሳልፉት፣ አረም የሌለበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ንባብ አስለምዱ። በክፍላቸው አትመድቧቸው፣ በሚያነቡት ልክ መድቧቸው። ስድስተኛ ደርሶ ፊደል ገና የሚያምታታውን ልጅ ግን ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ጋር እንዳታስቀምጡት። በማግስቱ አይመጣም። ታላላቆቹን ለብቻ፣ ሌላ ሰዓት ያዟቸው።

በጣም የተረሳው ደግሞ ስምንተኛን ያለፈው ልጅ ነው። የቀበሌው ትምህርት ቤት እዚያ ላይ ያበቃል። ዘጠነኛ ከተማ ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ። ዓርብ በእግራቸው ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ፣ እሑድ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ኪራይ ሲጨምር መጀመሪያ ቤቷ የምትመለሰው ሴቷ ናት። አባት ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ምን ትሠራለች ይላል፤ ደላላው ዐረብ አገር ይላል። ባቲን አልፎ በአፋር ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን መንገድ እዚህ የማያውቅ የለም። በዚያ መንገድ የሄዱት ልጆች ሁሉ በትምህርት የደከሙ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ ለመቶ ልጅ ደብተር ከምትገዙ የአራት ሴት ልጆችን የዓመት ኪራይ ክፈሉ። ቤቱን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩት። አከራይዋ ማን ናት? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መብራት አለው? «ቤቴ አስጠግቼ ላስተምራት» የሚላችሁን ሰው ግን በጥንቃቄ ያዙት። ከልባቸው የሚያስተምሩ አሉ፣ አውቃለሁ። ሳህን እያጠበች፣ ሕፃን እያዘለች፣ ትምህርቷን በዓመቱ የምታቋርጠው ግን ትበዛለች። ከተስማማችሁም በየወሩ ደብተሯን እያያችሁ ይሁን።

ሞዴስ ስትገዙ ለሴት መምህርት አስረክቡ እንጂ ሰልፍ ላይ አታድሉ። መጸዳጃ ቤቱ በር ከሌለው ከሁሉ በፊት በሩን አሠሩ።

ወሎ ተማሪ መደገፍን ከእኛ አልተማረም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። የቤተ ክህነቱ የቆሎ ተማሪም የመስጊዱ ደረሳም ከየቤቱ በተሰጠው ነው ቀለም የቆጠረው። ስለዚህ ስትሄዱ ገበሬው ምን ማዋጣት እንደሚችል ጠይቁት። ድንጋይ ያመጣል፣ እንጨት ያመጣል፣ ጉልበት ያዋጣል። ያዋጣበትን ነገር ደግሞ ይጠብቀዋል።

ገንዘብ ላይ ጥብቅ ነኝ። በአንድ ሰው ቴሌብር አትሰብስቡ፤ ያ ሰው መልአክ ቢሆንም። ባንክ ላይ በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ያዙ፣ ደረሰኝ የሌለበት ገጠር ላይ የተቀባዩን ፊርማና የሁለት ምስክር ያዙ። ገቢና ወጪውን አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስብሰባ ላይም ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ፎቶውንም እንዲሁ። ሕንፃውን አንሱ፣ የተሠራውን በር አንሱ። እግሩ የተሰነጣጠቀውን ልጅ ግን አታንሱት። ነገ ወይዘሮ ስሂን ገብቶ ሲማር የክፍል ጓደኛው ቲክቶክ ላይ ያገኘዋል።

ዘንድሮ ስትሰባሰቡ እንግዲህ ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ለመስከረም፣ ግማሹ ለኅዳርና ለኪራይ። መዝገብ መያዝ ከከበዳችሁ ደሴም ኮምቦልቻም ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ሞልቷል። ቤት መቀመጥ ሰልችቶታል፤ ሻይ ከጋበዛችሁት ይመጣል።