የአንባቢያን ጥያቄ፦ እውነተኛውን የአዞ ቀበቶ በምን ልለየው?

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ከእህቶቼ ጋር ሆነን የምናበረክትለት የአዞ ቆዳ ቀበቶ ለመግዛት ወጥቼ ሁለት ቀበቶዎች ቀረቡልኝ። ሁለቱም ጥቁርና አንጸባራቂ ናቸው፤ ሁለቱም «እውነተኛ አዞ» ተብለዋል፤ የአንደኛው ዋጋ ግን የሌላው ብዙ እጥፍ ነው። ለእኔ ዓይን ርካሹ እንዲያውም በልጦ ታየኝ፤ ቅርፊቶቹ በመስመር የተሰለፉ፣ መጠናቸውም እኩል ነውና። በሻጩ ቃል ብቻ ሳልመራ ልዩነቱን ራሴ አይቼ የምፈርድበት መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ሊያጠራጥርዎት የሚገባው ርካሹን ያስወደደዎት ያው የቅርፊቶቹ እኩልነት ነው። በአዞ ሆድ መካከል ያሉት ቅርፊቶች ሰፋ ያሉና ባለ አራት ማዕዘን ሲሆኑ፣ ወደ ጎን በተጠጉ ቁጥር እያነሱና እየከበቡ ይሄዳሉ፤ ከደረት ወደ ጅራት ሲወርዱም መጠናቸውም ቅርጻቸውም ይለዋወጣል። በላም ቆዳ ላይ በጋለ የብረት ሰሌዳ ተጭኖ የወጣ ቅርጽ ግን ሰሌዳው ባለቀበት ቦታ እንደገና ከመነሻው ይጀምራል። ስለዚህ ከቀበቶው ላይ አንድ ለየት ያለ ቅርፊት፣ ለምሳሌ አንድ ጥጉ የጎደለ ወይም በመሃሉ ጭረት ያለበትን፣ ይምረጡና መንታውን ይፈልጉለት። ያው ቅርፊት ከነጭረቱ ራቅ ብሎ ዳግም ብቅ ካለ በእጅዎ የያዙት የላም ቆዳ ነው።

ከዚያ ቀበቶውን በሁለት እጅዎ ይዘው በቀስታ ያጥፉት። በእውነተኛው አዞ ላይ ቅርፊቱ ጠንከር ያለ ሲሆን በቅርፊትና በቅርፊት መካከል ያለው መስመር ስስና ለስላሳ ነው፤ በመሆኑም እጥፋቱ ወደ መስመሩ ይገባል እንጂ ቅርፊቱን አያጨማድድም። በታተመው ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በሰሌዳው የተጨፈለቀው መስመሩ ስለሆነ የሚደርቀውም እርሱ ነው፤ ጥቃቅን ጭምድዶችም በቅርፊቱ መካከል አቋርጠው ይታያሉ። አጉሊ መነጽር ካለዎት ደግሞ የላሟ የጠጉር ቀዳዳዎች ቅርፊትና መስመር ሳይለዩ በሁሉም ላይ ተበትነው ያገኟቸዋል። የታተመ ቆዳ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በአዞ ስም መሸጡ ነው።

ቆዳው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ የየትኛው እንስሳ ነው የሚለው ነው፤ ብዙ ገዢ የሚታለለውም በመጀመሪያው ሳይሆን በዚህኛው ነው። የአባይ አዞንና የጨዋማ ውኃ አዞን ቆዳ በቅርብ ሲመለከቱ በየቅርፊቱ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብላ፣ በመርፌ ጫፍ የተነካች የምትመስል አንዲት ነጥብ ትታያለች። አዞው የውኃውን እንቅስቃሴ የሚሰማባት ሕዋስ ያለችበት ቦታ ናት። የአዞ የቅርብ ዘመድ የሆነው አሊጌተር ይህ ሕዋስ ያለው በአፉና በራሱ ዙሪያ ብቻ ስለሆነ በሆዱ ቆዳ ላይ ነጥብ አይገኝም፤ ነጥብ ስላጡ ብቻ «ሐሰተኛ ነው» ብለው እንዳይፈርዱ አደራ እላለሁ። አንዳንዴ እንዲያውም በአሊጌተር ቀበቶ ላይ እምብርቱ የነበረበት ቦታ የሸረሪት ድር የመሰለ ጠባሳ ሆኖ ይታያል፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ፊርማ ነው የማየው።

መጠንቀቅ የሚገባዎት ከካይማን ነው። ካይማን የእነዚሁ እንስሳት ዘመድ ቢሆንም በሆዱ ቅርፊቶች ሥር ዝርግ አጥንቶች አሉበት። በዚህ ምክንያት ቆዳው ግትር ይሆናል፣ ቀለም እኩል አይጠጣም፣ ደጋግሞ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። የጎኑ ቆዳ አጥንቱ ስለሚያንስ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በአዞ ዋጋ ሊሸጥልዎት አይገባም። ሻጩን «አዞ ነው ወይ?» ብለው ከሚጠይቁት «የትኛው ዝርያ ነው?» ብለው ይጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአዞ ዝርያዎችን ሁሉ በቁጥጥር ሥር ስላደረገ፣ በሕጋዊ መንገድ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ቆዳ ዝርያው በሰነድ ተመዝግቦ ነው የሚንቀሳቀስ፤ በአግባቡ የሚነግድ ሰው ይህን ስም አያጣውም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። የአንድ አዞ ቆዳ አማካይ ክፍል ብዙ ጊዜ ለአንድ ሙሉ ቀበቶ አይደርስም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ቀበቶዎች ከሁለት ቁራጭ ይገጠማሉ፣ ከአንድ ወጥ ቆዳ የተሠራው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ይወደዳል። መጋጠሚያ መኖሩ ጥፋት አይደለም። ጥሩ ሠራተኛ የሁለቱን ቁራጮች ጫፍ በስል ቢላዋ ያሳሳና መጋጠሚያውን በቅርፊቶቹ መካከል ባለው መስመር ላይ ይጥለዋል። ዓይንዎን ጨፍነው በአውራ ጣትዎ ጥፍር ከዘለበቱ እስከ ጫፉ ድረስ በቀስታ ይሂዱበት፤ ጥፍርዎ ድንገት እንደ ደረጃ ከወጣ ወይም ከወረደ መጋጠሚያው ችኮላ የታየበት ነው። በአንድ ቅርፊት ወገብ ላይ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ወይም ከቀዳዳዎቹ አጠገብ የዋለ መጋጠሚያ ካዩ ዋጋው ምንም ቢሆን ይተዉት።

ቀበቶው ስጦታ በመሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የአባትዎን የቀድሞ ቀበቶ ወስደው ከዘለበቱ ምላስ ሥር እስከሚጠቀሙበት ቀዳዳ ድረስ ይለኩ፤ ይህ ልክ በአዲሱ ቀበቶ መካከለኛ ቀዳዳ ላይ መዋል አለበት። የአዞ ቀበቶ ረዘመ ተብሎ ቢቆረጥ የጫፉ ቅርጽና ስፌቱ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ የሰጎን ቆዳ ቀበቶ ገዝቼ ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላው ጠርዙ እንደ ልጣጭ እየተነሳ፣ ቀዳዳዎቹም እየተለጠጡ መጡ። ቆዳው ግን የሰጎን ለመሆኑ አንድ ባለሙያ አረጋግጦልኛል። እውነተኛ ቆዳ እንዲህ ቶሎ ያልቃልን?

መልስ፦ ባለሙያው እውነቱን ነግሮዎታል ብዬ አምናለሁ። በሰጎን ቆዳ ላይ የሚታዩት እብጠቶች ላባ የወጣባቸው ሥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ እብጠት ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ አቀማመጣቸውም ወጥ አይደለም፤ በማተሚያ የተሠራው እብጠት ግን ብዙ ጊዜ ድፍን ነው። የሰጎን ቆዳ ደግሞ ዘይትነት ስላለው ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ በስምንት ወር የሚያልቅ አይደለም። ያለቀው ከሥሩ ያለው ነገር ነው።

የዚህ ዓይነት ቀበቶ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከላይ የሚታየው ቆዳ፣ ከኋላ ያለው ገበር፣ በመካከላቸውም ሙሌቱ። ገዢ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን ሦስተኛው ነው። አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ ያመጣልኝን የአዞ ቀበቶ ስፌቱን ፈትቼ ስከፍተው በውስጡ ግራጫ፣ ካርቶን መሰል ነገር አገኘሁ። የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተለውሶ የተጠፈጠፈ ነበር፤ በሁለት ጣቴ ሳሸው እንደ ገለባ ረገፈ። ላዩ ላይ ያለው አዞ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ለደንበኛው ወጥ ቆዳ ሙሌት ቆርጬ ያንኑ አዞ መልሼ ሰፋሁለት።

ይህን ሳይፈቱ ማየት የሚቻለው በቀዳዳዎቹ በኩል ነው። ቀበቶውን ወደ ብርሃን አቅንተው የቀዳዳውን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ወጥ ቆዳ ጥቅጥቅ ያለና ቃጫው የማይበተን ሲሆን፣ ብናኙ ግን የተቦጨቀ ወረቀት ይመስላል። ጠርዙም ይናገራል። ጥሩ ጠርዝ በስሱ ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በአሸዋ ወረቀት ታሽቶ እንደገና የተቀባ ነው፤ ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋገማል፣ ሲጨርስ ንብርብሮቹ በዓይን አይለዩም። የእርስዎ ዓይነቱ በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ስለተቀባ ቀበቶው ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ ያቅተውና ይላጣል። ቆዳውን ወደ ኋላ አጥፎ ጠርዙን የመሸፈን ዘዴም አለ፤ ቀለሙ የመላጥ ስጋት የለበትም፣ ነገር ግን ቆዳው በደንብ ካልሳሳ ጥጉ ያብጣል።

ስለ ስፌት ብዙ ሰው የሚያምነውን አልጋራም። በሁለት መርፌና በአንድ ሰም በተቀባ ክር የሚሠራው የእጅ ስፌት አንዱ ጥምዝ ቢበጠስ ሌላው ስለሚይዝ ጠንካራ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ርቀቱ የተዛነፈ የእጅ ስፌት ከተስተካከለ የመኪና ስፌት አይበልጥም። እኔ የማየው ከኋላ ነው፤ ከፊት ቀጥ ብሎ ከኋላ የሚዋልል ስፌት ሠሪው ገዢው የማያየውን እንደናቀ ያሳያል። ዘለበቱን በተመለከተ ደግሞ ማግኔት ቢይዘው ብረት ነው ማለት ነው፤ ባይዘው ናስ ወይም የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል፣ በመጠን እኩል ከሆኑት ሁለቱ መካከል ናሱ ይከብዳል።

የእርስዎ ቀበቶ አልጠፋም። ገበሩ ተነሥቶ ሙሌቱ በወጥ ቆዳ እንዲተካ፣ ጠርዙም ተፍቆ እንደገና እንዲቀባ ለአንድ የቆዳ ሠራተኛ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የዘንዶ ቆዳ ቀበቶዬን የጫማ ቀለም ብቀባው ምን ይሆናል?

መልስ፦ አይቀቡት። የዘንዶ ቅርፊቶች እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ስለሚገኙ ቀለሙና ሰሙ ከሥራቸው ገብቶ ይጋገራል፤ ሲደርቅም ቅርፊቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ለስላሳ ጨርቅ በጥቂቱ አርጥበው፣ ቅርፊቱ በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉት፤ በተቃራኒው ከጠረጉ ጨርቁ ራሱ ሲይዝብዎት ይሰማዎታል። ከራሰ ውኃውን በደረቅ ጨርቅ መጥጠው በጥላ ሥር ያድርቁት፤ ከእሳትና ከፀሐይ ያርቁት። ሳይጠቀለል በዘለበቱ ተንጠልጥሎ ይቀመጥ።